ካመመሽ ጠብቋል፦ ስለ ሴቶች ጸጉር መርገፍና መሳሳት

እናቶቼና እህቶቼ፣ ጸጉር ቤታችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ ባለሙያዎችም እንዳላችሁ ተነግሮኛል። እናንተን በማግኘቴ በተለይ ደስ ብሎኛል፤ ዛሬ ከማነሣው ነገር ትልቁ በእኔ እጅ ሳይሆን በእናንተ እጅ ነው ያለው።

የቆዳ ሐኪም ነኝ። ጸጉራቸው የሳሳ ሴቶች ወደ እኛ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ዘግይተው ነው። ስንፍና ይዟቸው አይደለም። መጀመሪያ ቅባት ይሞከራል፤ ቅባቱ እንቢ ሲል የጎረቤት ምክር ይታከላል፤ ከዚያ አንድ ዘመድ ከዱባይ ሻምፑ ይልካል፤ እሱም ካልሆነ ዊግ ይገዛል። ዊጉ ሲደረግ ችግሩ ከዓይን ይሰወራል፤ ከዓይን ተሰውሮ ግን ሥራውን ይቀጥላል። እኛ ዘንድ ሲደረስ ዓመታት አልፈዋል። የመጀመሪያውን ዓመት ብናገኘው ኖሮ ብዙ ጸጉር ይድን ነበር። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ይህ ቁጭት ነው።

ዝምታው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። በአገራችን ጸጉር ስለ ሰው ይናገራል። ሐዘን የጠናባት ሴት ጸጉሯን ትላጭ ነበር። የምትመነኩስ ትላጫለች። በገጠር ያላገባች ልጃገረድ መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ብቻ ይተውላት ነበር፤ ሳዱላ ትባላለች፤ ስትዳር ጸጉሯን ታሳድጋለች። እነዚህ ሁሉ ግን ታስቦባቸው፣ ዘመድ አዝማድ እያወቀ የሚደረጉ ናቸው። ማንም ሳይወስነው ከግንባር ወደ ኋላ እየሸሸ ለሚሄድ ጸጉር እንዲህ ያለ ቦታ አልተዘጋጀለትም። ወንድ ሲመለጥ ዕድሜ ነው፣ አባቱም እንዲሁ ነበሩ ይባላል። ሴት ስትሆን "ምን ሆና ነው?" ይባላል፤ ከጥያቄው በስተጀርባ ያለውን ግምት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሻሹ ይጠብቃል፣ ነጠላው ወደ ፊት ይወርዳል፤ ነገሩ ከባል እንኳ ተደብቆ ይኖራል።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የሴት ጸጉር የሚሳሳበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱን የሚያድነው ሌላውን አያድነውም። ሐኪም ግን ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት አለበት፦ ጸጉሩ የሚበቅልበት ሥር በሕይወት አለ ወይስ ጠፍቷል? የታጨደ ሣር ዝናብ ሲያገኝ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ኮብልስቶን የተነጠፈበት መሬት ላይ ግን ክረምቱን ሙሉ ቢዘንብበት ምንም አይወጣም። ጠባሳ የያዘ የራስ ቆዳም እንዲሁ ነው። ቆዳው ልሙጥ ይሆናል፣ ያብረቀርቃል፣ ጸጉር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አይታዩም። እዚያ ላይ የሚፈስ ቅባት ሁሉ ገንዘብ መጣል ነው። የእኛ ጥረት ሁሉ ወደዚያ ሳይደረስ ለመቅደም ነው።

በራሳችን ላይ መቶ ሺህ ገደማ ጸጉር አለ። እያንዳንዱ የራሱ ቀጠሮ አለው። ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ ከዚያ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ እድገቱን ያቆማል፤ 3 ወር ያህል አርፎ ይወድቃል፤ በቦታው አዲስ ይበቅላል። በማንኛውም ቀን ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በማደግ ላይ ናቸው። በቀን ከ50 እስከ 100 ጸጉር መውደቁም ጤና ነው። ለአንድ ወር የቆየ ሹሩባ የፈታች ሴት እፍኝ ሙሉ ጸጉር ይዛ የምትደነግጠው ይህን ሳታስብ ነው። በየቀኑ ወድቆ መሄድ የነበረበት በሹሩባው ውስጥ ተይዞ ቆይቶ ነው፤ በቀን 50 ብቻ ብንቆጥር በ30 ቀን 1,500 ይሆናል። የወደቀውን ጸጉር አንሥታችሁ ጫፎቹን በብርሃን ተመልከቱ። በአንዱ ጫፍ ነጭ ጠብታ የምትመስል ትንሽ እብጠት ካለች ጸጉሩ ዕድሜውን ጨርሶ ከነሥሩ የወጣ ነው። ከሌለች ከመሐል ተሰብሯል፤ ይህ ደግሞ የፒያስትራ፣ የሪላክሰር፣ የቀለም ወይም የማበጠሪያ ጉዳት ነው፤ ሥሩ ደህና ነው።

በድንገትና ከየቦታው የሚረግፈውን ላስቀድም፤ ብዙ እናቶችን የሚያስለቅሰው እሱ ነው። ሰውነት ከባድ ነገር ሲገጥመው በማደግ ላይ የነበሩ ጸጉሮች ከቀጠሯቸው በፊት በጅምላ ወደ ዕረፍት ይገባሉ። ዕረፍቱ 3 ወር ስለሆነ የሚወድቁት ምክንያቱ ከተረሳ በኋላ ነው። ታይፎይድ ይዟት በመስከረም የተኛች ሴት ጸጉሯ የሚረግፈው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ያኔ ስለ ትኩሳቱ ማንም አያስብም፤ በዚያ ሳምንት የቀየረችው ሻምፑ ይወቀሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መርገፍ ሲያጋጥማችሁ የዛሬ 2 ወይም 3 ወር ምን ሆኜ ነበር ብላችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ወባ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ኮቪድ፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ፣ የሰው ሞት፤ ሁሉም ይህን ያደርጋሉ።

ወሊድም እንዲሁ። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚበዛው ሆርሞን ጸጉሩን ሳይወድቅ ያቆየዋል፤ የብዙ ነፍሰ ጡር ሴቶች ጸጉር የሚወፍረው በዚህ ምክንያት ነው። ከወለዱ በኋላ የዘገየው ሁሉ አንድ ላይ ይሄዳል። ሕፃኑ 3 ወር ገደማ ሲሆነው ትራሱ ላይ፣ መታጠቢያው ላይ፣ የልጁ ጣት ላይ ሳይቀር ጸጉር ይገኛል። እናትየው ጡት ማጥባቱ ነው የጎዳኝ ብላ ጡት ልታስጥል ስትነሣ አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ ጡት ማጥባት አይደለም ምክንያቱ። መርገፉ በወራት ውስጥ ይቆማል፤ አብዛኛዎቹ እናቶች ልጃቸው አንድ ዓመት ሲሞላው ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። በግንባር ዳር ቀጥ ብሎ የቆመ አጭር አዲስ ጸጉር ስታዩ ደስ ይበላችሁ፤ ምትኩ መጥቷል ማለት ነው።

መርገፉ ከ6 ወር ካለፈ ግን ደም መመርመር ያስፈልጋል። በሴቶች ላይ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የብረት እጥረትን ነው። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት፣ ልጆቿን አከታትላ የወለደች ሴት፣ የሰውነቷ የብረት ክምችት ሳታውቀው ያልቃል። ጤፋችንና ምስራችን ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በላይ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ቡናችሁን ተዉ የምል ሰው አይደለሁም። ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ራቅ አድርጉት፤ ከምስሩ ጋር ሎሚ ወይም ቃሪያ ጨምሩበት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያግዘዋል። እንቅርትም ይታይ፤ እንቅርት ዕጢው ሲደክምም ሲያይልም ጸጉር ይሳሳል። የቅንድብ ዳርቻ መሳሳት፣ የብርድ አለመቻል፣ ያለ ምክንያት መወፈር አብረው ካሉ ምርመራው አይዘግይ።

እዚህ ላይ ወደ ዐረብ አገር ሄደው የሚሠሩ እህቶቻችንን ላንሣ። ከጅዳ፣ ከኩዌት፣ ከዱባይ የሚመጣው ስሞታ አንድ ዓይነት ነው፦ "የዚያ አገር ውሃ ጸጉሬን ጨረሰው።" ጨውና ማዕድን የበዛበት ውሃ ጸጉርን ሊያደርቅና ሊያሻክር ይችላል፤ ጸጉርን ከሥሩ የሚያረግፈው ግን እሱ ነው ብዬ አላምንም። የእነዚህን ልጆች የመጀመሪያ ወራት አስቡት። እንቅልፍ የለም፣ ምግቡ ተቀይሯል፣ ኪሎ ቀንሷል፣ ናፍቆትና ፍርሃት አለ፣ ቀኑን ሙሉ ጸጉር በላብ ተጠቅልሎ በጨርቅ ይታሰራል። በደረሱ በሦስተኛው ወር ጸጉራቸው ቢረግፍ ውሃውን ሳይሆን ኑሮውን መጠየቅ አለብን። ከአገር ቤት ሆናችሁ በስልክ ስትሰሟቸው ቅባት ከመላካችሁ በፊት "እየበላሽ ነው? እየተኛሽ ነው?" በሏቸው።

ሌላው ዓይነት አይቸኩልም። ጸጉር በእፍኝ አይወድቅም፤ መሐል አናት ላይ የሚከፈለው መስመር ከዓመት ዓመት ይሰፋል፣ ጸጉሩ ይቀጥናል፣ የፊት መስመሩ ግን በቦታው ይቆያል። ይህ በዘር የሚመጣ መሳሳት ነው፤ ከእናትም ከአባትም ወገን ሊወረስ ይችላል፤ ካረጡ በኋላ ይበረታል። ሥሩ አልሞተም፤ እያነሰ የሚሄድ ጸጉር እያበቀለ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ያለው መድኃኒት ሚኖክሲዲል ነው። መጀመሪያ የወጣው ለደም ግፊት ነበር፤ የወሰዱት ሕሙማን ባልታሰበ ቦታ ሁሉ ጸጉር ሲያበቅሉ ጊዜ ነው ሐኪሞች ልባቸውን የሰጡት። አሜሪካ ውስጥ 2 ከመቶ የሆነው ቅብ ለወንዶች እ.ኤ.አ. በ1988፣ ለሴቶች ደግሞ በ1991 ተፈቀደ። ብዙዎች በ6ኛው ሳምንት ይተዉታል፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ያረጀውን ጸጉር ገፍቶ ያረግፋል። ከ4 እስከ 6 ወር ሳይሞላ ፍርድ አይሰጥበትም። ሲቆም ደግሞ ያመጣው ጸጉር ይሄዳል። ነፍሰ ጡር ወይም ልታረግዝ ያሰበች ሴት አትጠቀምበት። ለወንዶች የሚሰጠውን ፊናስተራይድ የሚባለውን እንክብል ከባላችሁ መሳቢያ አውጥታችሁ እንዳትውጡ አደራ፤ በማኅፀን ያለ ወንድ ልጅን አካል ሊያዛባ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ደረስኩ። እስካሁን የጠቀስኳቸው በሽታ፣ ወሊድ፣ ዘር ያመጧቸው ናቸው። ይኼኛው ግን በእጅ የሚሠራ ነው፤ በእጅም ሊቆም ይችላል። ጥብቅ አሠራር ጸጉርን ከፊትና ከጆሮ በላይ እየነቀለ የሚወስደው መመለጥ ነው።

የጥቁር ሴቶች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ በሕክምና ጽሑፍ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1907 ሲሆን ትሬቢች የተባለ ሐኪም ያየው በግሪንላንድ ነበር፤ በበረዶው አገር የሚኖሩ ሴቶች ጸጉራቸውን አናታቸው ላይ ሽቅብ አጥብቀው ያስሩ ስለነበር ከዳር ተመልጠው አገኛቸው። ጸጉራቸውን በጥምጥም ሥር ሽቅብ ጠቅልለው በሚኖሩ የሲክ ሃይማኖት ወንዶች ላይም ይታያል። ጸጉር የቱንም ዓይነት ቢሆን የሚጎተት ነገር ይደክማል።

በአፍሪካ ይህን በቁጥር ያሳዩን የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም ፕሮፌሰር ኖንህላንህላ ኩማሎ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጧቸው ጥናቶች ኬፕታውን ውስጥ ከመረመሯቸው ጥቁር አዋቂ ሴቶች ከመቶ 31.7 የሚሆኑት ይህ መመለጥ ነበረባቸው። ከሴቶቹ ሦስት አንዷ ማለት ነው። ከተማሪ ልጃገረዶቹ ደግሞ ከመቶ 17.1። ሁለተኛው ቁጥር ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ፤ እነዚህ ልጆች ጸጉራቸው እንዴት እንደሚሠራ የመረጡት ራሳቸው አይደሉም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የጸጉር ሥር በቆዳ ውስጥ ተቀምጧል። ጸጉሩ ያለ ፋታ ሲጎተት ሥሩ ዙሪያ ይቆጣል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ያማል፣ በዳሩ ላይ ጥቃቅን እባጮች ይወጣሉ፣ አንዳንዶቹ መግል ይይዛሉ። ብዙ ሰው "ሙቀት ነው" ይላቸዋል። መጎተቱ ከቆመ ሥሩ ያገግማል፤ ጸጉሩም ይመለሳል። ከቀጠለ ሥሩ እየቀጨጨ ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላ በጠባሳ ይተካል። ያኔ እኔም ሌላውም ሐኪም የምንሰጠው መድኃኒት የለም፤ ጸጉር ከሌላ ቦታ ወስዶ መትከል ብቻ ይቀራል፤ ዋጋው ደግሞ ለስንቶቻችን ነው?

ስለዚህ ሕመሙን አዳምጡ። ጸጉር ቤት ወንበር ላይ ዓይኗ እንባ ያቀረረ ልጅ "ቻይ፣ ሲጠብቅ ነው የሚያምረው፣ የሚቆየውም" ትባላለች። ማታ ትራስ ላይ ራሷን ማሳረፍ ያቅታታል። ፓራሲታሞል ትውጣለች። ቅንድቧ ሽቅብ ተስቦ ፊቷ ሲያምር ሁሉም ያደንቃታል። ያ ሕመም ግን ሥሩ እየተነቀለ መሆኑን የሚነግራት የሰውነቷ ድምፅ ነው። ሹሩባ ካመመሽ ጠብቋል። "ይለምደኛል" አይባልም፤ በሁለተኛው ቀን ሕመሙ የሚቀለው ሥሩ ስለለመደ ሳይሆን ጸጉሩ ስለተሳበ ነው። ያመመው ሹሩባ በዚያው ቀን መፈታት አለበት፤ ገንዘቡ ቢከፈልበትም፣ ነገ ሠርግ ቢኖርም።

ሌላም ምልክት አለ። ጥብቅ አሠራር የጎዳው ግንባር ላይ ከተመለጠው ቦታ ፊት ለፊት ቀጭንና አጭር የሆነ የጸጉር ረድፍ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ለሹሩባ ስለሚያጥር ተይዞ ሳይጎተት የተረፈ ነው። ዛሬ ወጣቶቻችን "ቤቢ ሄር" እያሉ በጄል ግንባራቸው ላይ የሚያስተኙት ሁሉ ይህ ነው አልልም፤ ብዙ ሰው ከተፈጥሮው አለው። ግን ከዚያች ቀጭን ረድፍ ኋላ ያለው ቦታ ከአምናው ፎቶግራፋችሁ ጋር ሲተያይ ሰፍቶ ከሆነ ጄሉን አስቀምጡና ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሹሩባን እየከሰስኩ አይደለም። ሹሩባ የእናቶቻችን ጥበብ ነው፤ በጥምቀት የምናየው ውበት ነው፤ ሴት ከሴት ጋር ተቀምጣ የምትጨዋወትበት ሰዓትም ነው። ጉዳቱ ያለው በጥብቀቱ፣ በክብደቱና በቆይታው ላይ ነው። ወፈር ወፈር ብሎ፣ ላላ ብሎ፣ የግንባር ዳርና የጆሮ ግንድ ጸጉር ሳይጎተት የተሠራ ሹሩባ ጸጉርን ይጠብቃል። ቀጭን ሹሩባ ላይ ረጅም አርቴፊሻል ሲቀጠልበት ግን ጥቂት ጸጉር ብዙ ክብደት ይሸከማል። ሂውማን ሄር ሲሰፋ ደግሞ ከሥር ያለው ሹሩባ መርፌውን እንዲይዝ ተብሎ ይጠብቃል፤ ስፌቱ ውድ ስለሆነም ሦስትና አራት ወር ይቆያል፤ ከሥሩ የሚሆነውን ማንም አያይም። ከ2 ወር በላይ አታቆዩት፤ ፈትታችሁም በማግሥቱ ሌላ አታሰፉ፤ ሳምንታት አሳርፉት። በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ሽቅብ ጠብቆ የሚታሰር ጸጉር፣ እርጥብ ጸጉር ላይ ጠብቆ የሚታሰር ሻሽና ሂጃብም ያው ናቸው። ሻሽና ሂጃብ በራሳቸው ምንም አያደርጉም፤ ከሥራቸው ያለው አስተሳሰር ነው የሚታየው።

የኩማሎ ጥናቶች ካሳዩት ሁሉ ለእናንተ ለባለሙያዎች የምጠቅሰው አንድ ነገር አለ፤ ከፍተኛው ጉዳት የተገኘው በኬሚካል የተለሰለሰ ጸጉር ላይ መጎተት ሲጨመርበት ነው። ሪላክሰር ጸጉሩን የሚያቃናው ውስጡ ያለውን ማያያዣ በማፍረስ ነው። የተዳከመውን ጸጉር በዚያው ቀን ካስክ ውስጥ አስገብቶ፣ በፒያስትራ ጠብሶ፣ ከዚያ አጥብቆ መጎንጎን በአንድ ቀን ሦስት ጉዳት ነው። ከሪላክሰር በኋላ ቢያንስ 2 ሳምንት ይታለፍ። በሹሩባና በሪላክሰር መካከል መምረጥ ካለባት ልጅ ሹሩባውን ትምረጥ፤ ሁለቱን ግን አታድርግ።

የመሐል አናት መመለጥን ደግሞ ለይታችሁ እወቁት፤ ጠባሳ የሚተው ነውና። ከመሐል አናት ጀምሮ በክብ እየሰፋ ወደ ዳር ይሄዳል። አንዳንዴ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ሲነኩት ያማል፤ አንዳንዴ ምንም ስሜት የለውም፤ ጸጉሩ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ እየተሰበረ አልረዝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ ውስጥ ሲጻፍበት በእሳት የጋለ ማበጠሪያ ያመጣው ነው ተብሎ ነበር፤ ስሙም ከዚያ ወጣለት። ሴቶቹ ለአሥርት ዓመታት "ራሳችሁ ናችሁ ያመጣችሁት" ሲባሉ ኖሩ። ማበጠሪያ ነክቷቸው የማያውቁ ሴቶችም እንዳለባቸው ሲታይ ነገሩ ተጠረጠረ። የደቡብ አፍሪካዋ የቆዳ ሐኪም ፕሮፌሰር ንኮዛ ድሎቫ በቤተሰብ ውስጥ እንደሚወረስ አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከእስራኤል ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ከመረመሯቸው ሴቶች ሩብ ያህሉ ጸጉርን በሚቀርጽ አንድ ጂን ላይ ለውጥ እንዳላቸው አገኙ። እናታችሁ ወይም አክስታችሁ መሐል አናታቸው የተመለጠ ከሆነ የራሳችሁን አናት በየጊዜው በስልክ ፎቶ አስነሡ፤ በመስታወት አይታይም። በጊዜ ከተያዘ ቁጣውን የሚያበርዱ ቅባቶች፣ መርፌዎችና እንክብሎች ያስቆሙታል። የጠፋውን አይመልሱም።

ላሽ ሌላ ነው። ሳይታሰብ በሳንቲም ልክ ክብ ሆኖ ይመለጣል፤ ቆዳው ደህና ነው፣ ጠባሳ የለም። የሰውነት መከላከያ የራሱን የጸጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል። ጠቅላላ ራስን ሲያጸዳ ግን ከባድ ነው። አሜሪካዊቷ የምክር ቤት አባል አያና ፕሬስሊ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ዊጋቸውን አውልቀው ራሳቸውን ለሕዝብ ያሳዩት ይህ ሕመም ይዟቸው ነው። ለብርቱው ዓይነት ባሪሲቲኒብ የሚባል እንክብል በ2022 እዚያው አሜሪካ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ከባድ ነው፣ ክትትልም ይፈልጋል። በልጆች ራስ ላይ ቅርፊት ያለውና ጸጉሩን የሚሰባብር ክብ ካያችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈንገስ ነው፤ ይህ ይተላለፋል፤ የሚድነውም በሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ቅባት ብቻ ሥሩ ድረስ አይደርስም።

ስለ ቅባት ብዙ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ቅቤ፣ የጉሎ ዘይት፣ የኮኮናት ዘይት ጸጉርን ያለሰልሳሉ፣ መሰበርን ይቀንሳሉ፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። የሞተን ሥር ግን አያስነሡም። ፎረፎር ያለባት ሴት የራስ ቆዳዋ ላይ ዘይት ባበዛች ቁጥር ፎረፎሩ ሊብስባት ይችላል። ነጭ ሽንኩርት አጣብቀው ቆዳቸውን ያቃጠሉ ሴቶችን አክሜያለሁ፤ እባካችሁ ተዉት። ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚን ደግሞ እጥረት ለሌለበት ሰው ጸጉር እንደሚያበቅል አጥጋቢ ማስረጃ የለውም። የባሰው ነገር የደም ምርመራን ያዛባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳስጠነቀቀው ሃርት አታክ የሚለይበትን ምርመራ ሳይቀር ሊያሳስት ይችላል፤ የእንቅርት ዕጢ ምርመራንም እንዲሁ።

እናንተ የጸጉር ቤት ባለሙያዎች፣ የሴትን አናት ከእኔ ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። እሷ የማታየውን መሐል አናቷን፣ የጆሮዋን ኋላ፣ በየወሩ ታዩታላችሁ። ስትሠሩ "አመመሽ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ካመማት አላሉላት። ግንባሯ እየሸሸ ካያችሁ ሰው ሳይሰማ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሯት። "ይኼን ሰሞን ቀጥ ያለ መስመር ይቅር፣ አላልቼ ወደ ኋላ ልሥራልሽ" በሏት። ደንበኛ እናጣለን ብላችሁ አትስጉ፤ ጸጉሯን ያተረፈችላትን ሴት ማንም አይረሳም። እናቶች ደግሞ፣ ለእንቁጣጣሽና ለጥምቀት የልጆቻችሁን ጸጉር ስታሠሩ አጠገባቸው ተቀመጡ። ልጅቷ ስታለቅስ "ዝም በይ" አትበሏት፤ ሠሪዋን "አላልተሽ ሥሪላት" በሏት።

ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ስትነሡ ሹሩባውን ወይም ስፌቱን ፈትታችሁ ሂዱ፤ ተሸፍኖ የመጣን የራስ ቆዳ ማንም ሐኪም ሊመረምር አይችልም። ቅባትና ዱቄት ለመሸፈን አትቀቡ። የአምናና የካቻምና ፎቶግራፋችሁን በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የምትወስዱትን እንክብል ሁሉ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያውንም ባዮቲኑንም፣ ከነእሽጉ አሳዩ። ጠባሳ ያለው መሆኑ ከተጠረጠረ ሐኪሙ ከራስ ቆዳችሁ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን ናሙና ለመውሰድ ሊጠይቃችሁ ይችላል። በማደንዘዣ ነው የሚወሰደው፤ አንድ ሁለት ስፌት ይበቃዋል፤ ሥሩ በሕይወት መኖር አለመኖሩን በእርግጠኝነት የሚነግረንም እሱ ነው። እንቢ አትበሉ። በአካባቢያችሁ የቆዳ ሐኪም ከሌለ ጤና ጣቢያው ሪፈር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ላይ አለርት ሆስፒታል ለቆዳ ሕመም ከየክልሉ ሕሙማንን ይቀበላል። ሻሻችሁን ፈትታችሁ ልታሳዩኝ የምትፈልጉ ካላችሁም ከዚህ መድረክ በኋላ በጎን ባለው ክፍል ውስጥ አለሁ፤ በሩ ይዘጋል፣ አንድ በአንድ ትገባላችሁ።